ለስድስት ቤተሰብ ዘካተል ፊጥር ስንት ኪሎ ማሽላ?

18 ኪሎ አውጪ። ዘካተል ፊጥር በረመዳን ማብቂያ ለድሃ የሚሰጥ ግዴታ ምጽዋት ነው፤ መጠኑም በነፍስ ወከፍ አንድ ሷዕ ነው፤ ሷዕ መስፈሪያ ስለሆነ በሚዛን እንደ እህሉ ዓይነት ከ2.5 እስከ 3 ኪሎ ይሆናል። 3 ብለሽ ብትይዢው አታጎድዪም። የሚጠባው ልጅሽም ይቆጠራል።

በቁና ልስፈር ላልሽው፣ ቁና ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ሚዛን ይሻላል። ከመመዘንሽ በፊት ግን አበጥሪው፣ ገለባና ጠጠር ኪሎ ይሞላል። የነቀዘ አይሆንም።

ዋናው ጊዜው ነው። ከኢድ ሰላት በፊት ሚስኪኑ እጅ መግባት አለበት፤ ካለፈ እንደ ማንኛውም ሶደቃ፣ በፈቃድ እንደሚሰጥ ምጽዋት ነው የሚታየው። አንድ ሁለት ቀን ቀደም ብለሽ አድርሺው።

«እኛስ ድሃ አይደለንም ወይ?» ብለሻል። ለኢድ ሌሊትና ቀን ከምትበሉት የተረፈ ካለ ይመለከታችኋል። ኩንታል ማሽላ ጥግ ላይ አቁሞ የለኝም ማለት ደግሞ ይከብዳል፤ አልሐምዱሊላህ በይና ስጪ።

በብር መስጠት ላይ መዝሀቦች (የእስልምና ሕግ መንገዶች) ይለያያሉ፤ ሐነፊዮች ይፈቅዳሉ፣ ሻፊዒዮች ግን እህሉን ነው የሚሉት፤ ዱቄትም አይቀበሉም። የመስጊዳችሁን ኢማም ጠይቂ።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። የማስፈጫ ብር ለሌላት ባልቴት ጥሬ ማሽላ ብቻ ብትሰጪያት በዓሉ ሳትጋግር ያልፋታል፤ ወይ ደላላ በርካሽ ይገዛታል። የወፍጮውን ከዘካው ለይተሽ በሶደቃ ጨምሪላት። መስጊድ በር ላይም አታከፋፍዪ፤ ጉልበት ያለው ደጋግሞ ይወስዳል፣ የሚያፍረው ከቤቱ አይወጣም። ማታ በልጅ ቤታቸው ድረስ ላኪ።