የሴት ውሻ ስላይድ ሲምታታብሽ ከየት ትጀምሪያለሽ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ሁለት የቫጃይና ስላይድ አለሽ። አንዱ ላይ ኤፒተልየሙ (የውስጥ ገጹን የሚሸፍነው የሕዋስ ንብርብር) ሁለት ሦስት ረድፍ ነው፣ ሌላው ላይ ከሃያ ይበልጣል። የቱ ነው ትክክል ብለሻል። ፊኛን፣ ዩሬትራን (ሽንት ከፊኛ የሚወጣበትን ቱቦ) እና ቬስቲቡልን (ከቫጃይናው ወደ ውጭ ያለውን መግቢያ) መለየትም ግራ አጋብቶሻል። በመጨረሻ ደግሞ ቬስቲቡሉ ላይ ያየሻቸው ጥቁር ሰማያዊ ክብ ክምችቶች በሽታ ናቸው ወይ ብለሻል። እኔ የእንስሳት ፓቶሎጂ ላብራቶሪ ውስጥ ማይክሮስኮፕ ላይ የምውል ሰው ነኝ፤ ዘለግ አድርጌ ልመልስልሽ።

ሁለቱም ስላይዶች ትክክል ናቸው። እንዲያውም ከአንድ ውሻ በተለያየ ወር የተወሰዱ ሊሆኑ ይችሉ ነበር።

መጽሐፉ «ስትራቲፋይድ ስኳመስ»፣ ማለትም የተነባበረ ጠፍጣፋ ሕዋስ፣ ብሎ ያልፋል። አልዋሸም። ግን የሴት ውሻ ቫጃይና ቋሚ ውፍረት የለውም። አንኤስትረስ በምንለው ረጅም የእረፍት ጊዜ ኤፒተልየሙ ስስ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ረድፍ ብቻ ይኖረዋል፤ የላይኞቹ ሕዋሳት ጠፍጣፋ እንኳ አይመስሉም። ከዚያ ኦቫሪው ላይ ፎሊክሎች (እንቁላል የያዙ ከረጢቶች) ማደግ ይጀምራሉ፣ ኤስትሮጅን ይመጣል፣ የታችኛው ረድፍም በፍጥነት ይባዛል። ፕሮኤስትረስ (የሙቀቱ መጀመሪያ፣ ደም የሚታይበት ጊዜ) ወደ ማለቂያው ሲቃረብ ሃያና ከዚያ በላይ ረድፍ ይሆናል። የላይኞቹ ሕዋሳት ኬራቲን ይሞላሉ። ኒውክለሳቸው መጀመሪያ ይጨማደዳል፣ በኋላ ጭራሽ ይጠፋል። ይህ ሁሉ ያለ ምክንያት አይደለም። ውሾች በስሪያ ጊዜ ተቆላልፈው ረጅም ደቂቃ ይቆያሉ፤ ስስ ግድግዳ ያንን አይችልም። ኤስትረስ (ወንድ የምትቀበልበት ጊዜ) ሲያልፍ ደግሞ ያ ሁሉ ንብርብር በጥቂት ቀናት ውስጥ ተራግፎ ያልቃል።

ለዚህ ነው ስላይድ እጄ ሲገባ ከሁሉ በፊት ውሻዋ ዑደቷ የት ላይ እንደነበረች የምጠይቀው። ፕሮኤስትረስ በአማካይ ዘጠኝ ቀን ገደማ ነው፣ ኤስትረስም እንደዚያው። ከዚያ የሚከተለው ዳይኤስትረስ ሁለት ወር ያህል ይቆያል፤ የቀረው ጊዜ አንኤስትረስ ነው። እነዚህን አራት ወቅቶች ሳታውቂ የኤፒተልየም ረድፍ ብትቆጥሪ ቁጥሩ ምንም አይነግርሽም።

ወረቀቱ ላይ የዑደት ታሪክ ከሌለስ? ብዙ ጊዜ የለም፣ እሱን እናውቀዋለን። ከቫጃይናው ጋር ኦቫሪ ተልኮ ከሆነ ከኦቫሪው ጀምሪ። ትልልቅ ፎሊክሎች ካሉ ፕሮኤስትረስ ወይም ኤስትረስ ላይ ነሽ። ሥጋማ፣ በትልልቅ ፈዛዛ ሕዋሳት የተሞላ ኮርፐስ ሉቲየም (እንቁላሉ ከወጣ በኋላ ፎሊክሉ የሚለወጥበት አካል) ካለ ዳይኤስትረስ ነው። ሁለቱም ከሌሉና ትንንሽ ፎሊክሎች ብቻ ከታዩ አንኤስትረስ ነው ማለት ይቻላል። አንድ ነገር ግን ልብ በዪ። በውሻ ውስጥ የፎሊክሉ ግድግዳ ገና እንቁላሉ ሳይወጣ ወደ ኮርፐስ ሉቲየም መለወጥ ይጀምራል፤ የእሱ ሆርሞን ፕሮጄስትሮንም አስቀድሞ ከፍ ይላል። ስለዚህ የታጠፈና የወፈረ የፎሊክል ግድግዳ ብታዪ አትደንግጪ። አንድ ፎሊክል ውስጥ ሁለት ሦስት እንቁላል ብታገኚም እንዲሁ፤ በውሻ የተለመደ ነው። ከኦቫሪው ገጽ ወደ ውስጥ የገቡ የኤፒተልየም ቱቦዎችና ገመዶችም አሉ። እነሱም ጤነኛ የውሻ ኦቫሪ መለያ ናቸው። አዲስ ሰው ግን ዕጢ (ቱሞር) ነው ብሎ ሲጨነቅባቸው አይቻለሁ።

የቫጃይና ስሚር (ከግድግዳው ተጠርጎ መስታወት ላይ የተቀባ ሕዋስ) ከሠራሽ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይገባሻል። ስሚሩ የሚያሳይሽ የዚያኑ ኤፒተልየም የላይኛውን ረድፍ ነው። ግድግዳው ስስ ሲሆን ላይኛው ረድፍ ለታችኛው ቅርብ ነው። ስለዚህ ትንንሽ ክብ፣ ትልቅ ኒውክለስ ያላቸው ፓራቤዛል ሕዋሳት ይወጣሉ። ሲወፍር ማዕዘን ያላቸው፣ ኒውክለሳቸው የደረቀ ወይም የጠፋ ሰፋፊ ሕዋሳት ይሞሉታል። ኤስትረስ ላይ አብዛኛው ሕዋስ እንዲህ ነው፣ ኒውትሮፊልም (ነጭ የደም ሕዋስ) አይታይም፤ ወፍራሙን ግድግዳ አልፎ መምጣት አይችልማ። ዳይኤስትረስ ሲገባ ሥዕሉ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይገለበጣል። ፓራቤዛሎቹና ኒውትሮፊሎቹ አንድ ላይ ይመለሳሉ። ያቺን የመገልበጫ ቀን የያዘ ሰው ውሻዋ አርግዛ ከሆነ ከዚያ 57 ቀን ገደማ ቆጥሮ የምትወልድበትን ጊዜ መገመት ይችላል። በፕሮኤስትረስ የሚታየው ቀይ የደም ሕዋስ ደግሞ ከቫጃይናው ግድግዳ የመጣ አይደለም። ማህፀኑ ውስጥ በኤስትሮጅን ካበጡት ትንንሽ የደም ሥሮች ሾልኮ የወረደ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ። የፊኛ ነገር የሚገርመው ያው ወጥመድ በሌላ መንገድ መምጣቱ ነው። የቫጃይናን ረድፍ ሆርሞን ይቀይረዋል፣ የፊኛን ረድፍ ሽንት። ባዶ ፊኛ ናሙና ማቆያው ፎርማሊን ውስጥ ከገባ ኤፒተልየሙ ወፍራምና የተሸበሸበ ነው። ሞልቶ ተወጥሮ ከገባ ሁለት ሦስት ረድፍ ብቻ ይመስላል። ስለዚህ እዚህም አትቁጠሪ። የላይኛውን ረድፍ ተመልከቺ። ፊኛ ላይ ጃንጥላ ሕዋስ የምንላቸው ትልልቅ፣ ወደ ውስጥ ጉብ ያሉ፣ አንዳንዴ ሁለት ኒውክለስ ያላቸው ሕዋሳት አሉ። ከሥር ደግሞ የጡንቻው ጥቅሎች በየአቅጣጫው ይሄዳሉ። ውስጠኛ፣ መካከለኛ፣ ውጨኛ ብለሽ ለመክፈል ብትሞክሪ ትደክሚያለሽ፤ እርስ በርስ የተጠላለፉ ናቸው።

ዩሬተር (ሽንትን ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚያወርደው ቱቦ) ላይ ግን ጡንቻው ሥርዓት ይዞ በቱቦው ዙሪያ ይደረደራል። ክፍተቱም እንደ ኮከብ የታጠፈ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ትልቅ ነገር የሚመጣው እዚህ ነው። ከማምከን ቀዶ ጥገና በሚላክ ናሙና ውስጥ ትንሽ ክብ ቱቦ ታገኛለሽ። የእንቁላል ቱቦ ከሆነ ግድግዳው ውስጥ ቅርንጫፍ ያላቸው ስስ እጥፋቶች አሉ፤ የሸፈናቸው ረጃጅም ሕዋሳት ናቸው፣ ከፊሎቹም ሲሊያ (የሚንቀሳቀሱ ጥቃቅን ፀጉሮች) አላቸው። በላዩ የተነባበረ የሽንት ትራክት ኤፒተልየም ካየሽ ግን ስልኩን አንሺና ቀዶ ጥገናውን ወደሠራው ሐኪም ደውዪ። በማምከን ጊዜ ዩሬተር ከማህፀኑ ጉቶ ወይም ከኦቫሪው ማሰሪያ ጋር አብሮ ሊታሰር እንደሚችል ይታወቃል። ሪፖርቱን ጽፈሽ እስኪላክ አትጠብቂ፤ ያቺ ኩላሊት ጊዜ የላትም።

ዩሬትራ ከሁሉም አስቸጋሪው ነው። ከፊኛው አጠገብ የፊኛን ዓይነት ኤፒተልየም አለው። ወደ መውጫው ሲጠጋ ስትራቲፋይድ ስኳመስ ይሆናል። ስለዚህ የመጨረሻው ጫፍ የተቆረጠ ስላይድ ከላይ ሲታይ ከቫጃይና ጋር ይመሳሰላል። ዘዴው ኤፒተልየሙን ትቶ ወደ ታች መውረድ ነው። ከኤፒተልየሙ ሥር ሰፋፊ ደም መላሽ ሥሮች የበዙበት ስፖንጅ የመሰለ ሽፋን ካገኘሽ፣ ቀጥሎ ለስላሳ ጡንቻ፣ ወደ መውጫው በኩል ደግሞ በውጭ ጭረት ያለው ጡንቻ ከከበበው ዩሬትራ ነው። በዝቅተኛው ሌንስ ሙሉውን ክብ አንዴ እዪው። በትልቁ ሌንስ ብቻ የሚሠራ ሰው እዚህ ላይ መንገድ ይስታል።

ቬስቲቡል ከዩሬትራው ቀዳዳ ወደ ውጭ ያለው ክፍል ነው። ከቫጃይናው ጋር አንድ ቱቦ ቢመስልም አመጣጡ ሌላ ነው። ቫጃይናው በዋናነት ከፅንሱ የሙለር ቱቦዎች ይበቅላል፤ ቬስቲቡሉ ግን ዩሬትራው ከመጣበት ከሌላ የፅንስ ክፍል፣ ከዩሮጄኒታል ሳይነስ፣ ነው። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ጠባብ ነው። ከልደት የቀሩ ግርዶሾችና መጥበቦችም የሚገኙት እዚያው አካባቢ ነው። ለስላይድሽ የሚጠቅምሽ ልዩነት ግን እጢ (ፈሳሽ የሚያመነጨው፣ ግላንድ) ነው። የቫጃይና ግድግዳ እጢ የለውም። ቬስቲቡል ግን ከኤፒተልየሙ ሥር ትንንሽ እጢዎች አሉት። ከስኳመስ ኤፒተልየም በታች እጢ ካየሽ ከቫጃይና ወጥተሻል ማለት ነው። በውጭ በኩል ጭረት ያለው ጡንቻ እዚህም ሊገኝ ስለሚችል በጡንቻ ብቻ አትፍረጂ። ትልልቅ እጢዎችን ደግሞ አትፈልጊ። ድመት አላት፣ ውሻ የላትም።

ስለ ማህፀን አልጠየቅሽም፣ ግን አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ ይከብደኛል። በውሻ ኮርፐስ ሉቲየም እርግዝና ኖረም አልኖረም ሁለት ወር ያህል ይቆያል። ያላረገዘችም ውሻ ማህፀን ያን ያህል ጊዜ በፕሮጄስትሮን ሥር ይኖራል። በዚህ ወቅት የማህፀኑ ውስጠኛ ኤፒተልየም ቁመቱ ይጨምራል፣ አረፋ ይመስላል፣ እጢዎቹም ይረዝማሉ፣ ይጠማዘዛሉ። ይህ ጤነኛ ዳይኤስትረስ ነው። ታሪኩን ያላየ ሰው ግን «ሃይፐርፕላዥያ» (ከልክ ያለፈ የሕዋስ መብዛት) ብሎ ይጽፋል። እኔ እጢዎቹ በግልጽ ሰፍተው ከረጢት ካልሆኑ ያንን ቃል አልጽፍም። ያው ሆርሞን ዑደት በዑደት ሲደጋገም ግን እውነተኛው የከረጢት ሃይፐርፕላዥያ ይመጣል። ባክቴሪያ፣ አብዛኛውን ጊዜ ኢ ኮላይ፣ ሲጨመርበት ደግሞ ፓዮሜትራ (መግል የሞላበት ማህፀን) ይሆናል። ፓዮሜትራ ሙቀት ካለፈ በኋላ ባሉት ሳምንታት የሚበዛውም ለዚህ ነው።

የመከነች ውሻስ? ቫጃይናዋ እንደ አንኤስትረስ ስስ ሆኖ ይቀራል። የመከነች ተብላ የመጣች ውሻ ስላይድ ላይ ወፍራም ኬራቲን የያዘ ኤፒተልየም ካየሽ አንድ የኤስትሮጅን ምንጭ አለ። የቀረ የኦቫሪ ቁራጭ ሊሆን ይችላል። ወይም ቤት ውስጥ አንድ ሰው የኤስትሮጅን ክሬም ቆዳው ላይ ይቀባል፣ ውሻዋም ትልሰዋለች፤ ይህም ያጋጥማል። ዩሬትራውም የሆርሞኑ መቅረት ይሰማዋል። ከማምከን በኋላ አንዳንድ ሴት ውሾች ተኝተው ሽንት የሚያመልጣቸው የዩሬትራው የመዝጋት አቅም ስለሚቀንስ ነው። ኤስትሪዮል የተባለው የኤስትሮጅን ዓይነት የሚረዳቸውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሌላ ትንሽ የእጅ ሥራ ነገር። ረድፉ በዛ ከማለትሽ በፊት አቆራረጡን እዪ። ሦስት ረድፍ ኤፒተልየም በሰያፍ ከተቆረጠ አሥር ይመስላል። የታችኛው ረድፍ ኒውክለሶች በአንድ መስመር ካልቆሙና ከሥር የተያያዥ ሕብረ ሕዋስ ደሴቶች ኤፒተልየሙ መሐል ከታዩ፣ ቁርጡ ሰያፍ ነው። ናሙናውን ራስሽ የምትቆርጪው ከሆነ ርዝመቱን አይተሽ ቀጥ አድርገሽ አስቀምጪው። ፎርማሊኑም የናሙናውን አሥር እጥፍ ይሁን። የማህፀን ኤፒተልየም ቶሎ ይበላሻል፤ ዘግይቶ ከገባ ተላልጦ ክፍተቱ ውስጥ ተንሳፍፎ ታገኚዋለሽ።

ጥቁር ሰማያዊ ክብ ክምችቶቹ የሊምፍ ኖድዩሎች (የሊምፎሳይት፣ ማለትም የመከላከያ ነጭ የደም ሕዋሳት፣ ስብስቦች) ናቸው። ቬስቲቡል ላይ ጤነኛ ውሻም አላት። የቆየ መቆጣት ካለ ይበዛሉ፣ ያብጣሉ፤ በዓይን እንኳ እንደ ትንንሽ ጉብታ ይታያሉ። የምትፈሪው በስሪያ የሚተላለፈውን ዕጢ (ቱሞር) ከሆነ፣ ማለትም ቲቪቲን፣ ልዩነቱ ከባድ አይደለም። ኖድዩሉ ድንበር አለው። መሐሉ ፈዘዝ ይላል፣ ዳሩ በትንንሽ ጥቁር ሊምፎሳይቶች ይከበባል። ቲቪቲ ድንበር የለውም፤ ክብ ሕዋሳቱ እንደ ምንጣፍ ተዘርግተው ይሄዳሉ። ሕዋሳቱ ከሊምፎሳይት ይበልጣሉ፣ ኒውክለሳቸው ውስጥ አንድ ጎላ ያለ ኒውክሊዮለስ አለ፣ የሚከፋፈሉ ሕዋሳትም ይበዛሉ። ስሚር ብትሠሪለት ሳይቶፕላዝሙ ላይ ጥርት ያሉ ክብ ቀዳዳዎች ታያለሽ። ጥርጣሬሽ ካልለቀቀሽ የዚያን ቦታ ፎቶ በአርባው ሌንስ አንሺና እዚሁ ለጥፊው፣ አየዋለሁ። የውሻዋን ዕድሜ፣ የመከነች መሆን አለመሆኗንና መጨረሻ ሙቀት የታየባትን ጊዜ አብረሽ ጻፊልኝ።