አዋሽ ባሕር ሳይደርስ የሚቀርበት ምክንያት

አዋሽ ለምን ባሕር እንደማይገባ ለጠየቅከው፣ ወንድሜ፣ መውጫ ስለሌለው ነው። ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዝና በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ገብቶ ያበቃል። የአፋር ምድር በስምጥ ሸለቆው መለያየት የተነሣ ስለሰመጠ ውሃው አልፎ የሚሄድበት መንገድ የለም። ያለው ዕድል በዚያ ሐሩር መትነን ነው፤ ጨዉ ግን እዚያው ይቀራል። ሐይቁ ጨዋማ የሆነው በዚህ ነው። ዳርቻው ላይ የምታያቸውን የኖራ ድንጋይ ማማዎች የሠራው ደግሞ ሐይቁ ከፍ ብሎ በነበረበት ዘመን ከሥር ይፈልቅ የነበረው ፍል ውሃ ነው፤ አንዳንዶቹ ዛሬም እንፋሎት ያወጣሉ።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ የሐይቁ መሸሽ ነው። ድርቁ አለ፤ ከላይ ደግሞ የመስኖ እርሻው ወንዙን ይጠልፋል። በወንዙ ዳር የነበረው ለም ግጦሽ ለጥጥና ለሸንኮራ ሲሰጥ፣ በበጋ ከብቱን ወደዚያ ያወርድ የነበረው የአፋር አርብቶ አደር መጠጊያውን አጥቷል።