የፔይን ክሊኒክ ቢሊንግ የምትሰሩ፣ ዛሬ ጠይቁኝ

ሰላም ሁላችሁም። ሜሪላንድ ውስጥ የፔይን ማኔጅመንት (የሕመም ማስታገስ ሕክምና) ቢሊንግ፣ ማለትም ለኢንሹራንስ የክፍያ ጥያቄ መላክ፣ ስሰራ 11 ዓመት ሆነኝ። ዛሬ እረፍት ላይ ነኝ፣ የቻልኩትን እመልሳለሁ። አደራ የታካሚ ስም፣ የልደት ቀን፣ የኢንሹራንስ ቁጥር እንዳትለጥፉ። የሕክምናውን ኮድና የዲናያሉን (ክፍያው የተከለከለበትን) ምክንያት ብቻ ጻፉ።

ከዳላስ፦ እህታችን ክሌም (የክፍያ ጥያቄ) ተመለሰብኝ፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ የምን ክሌም? ኮዱ ስንት ነው? ለምን ተመለሰ? ኢኦቢውን (ኢንሹራንሱ ለምን እንደከፈለ ወይ እንደከለከለ የሚያብራራውን ወረቀት) ይዘሽ ነይ።

ከአሌክሳንድሪያ፦ የወገብ አርኤፍኤ (ሕመም የሚያስተላልፉ ነርቮችን በሙቀት ማቃጠል) ነው፣ ዶክተሩ ኤል3፣ ኤል4ና ኤል5 ሶስት ነርቭ ነው ያቃጠልኩት ስላለ 64635 አንድ፣ 64636 ሁለት አድርገን ላክን። ሜዲኬር አንዱን አልከፍልም አለ።

መልስ፦ ልክ ነው፣ አይከፍልም። አርኤፍኤ የሚቆጠረው በጆይንት (በመገጣጠሚያ) ነው፣ በነርቭ አይደለም። አንድ ጆይንት ከሁለት ነርቭ ነው ስሜት የሚያገኘው፣ ስለዚህ እነዚህ ሶስቱ ነርቮች የሚያገለግሉት ሁለት ጆይንት ነው፣ ኤል4-5 እና ኤል5-ኤስ1። 64635 ለመጀመሪያው ጆይንት አንዴ፣ 64636 ለተጨማሪው አንዴ፣ በቃ። እኔም ስጀምር ነርቭ እየቆጠርኩ እልክ ነበር፣ ከዓመት በኋላ ኦዲት መጥቶ የተከፈለንን ገንዘብ መለስን፣ ያን ቀን የተሰማኝ ሀፍረት እስካሁን አልወጣልኝም።

ደግሞ ከቆጠራው በፊት የዶክተሩን ኖት እዩ። ሜዲኬር አርኤፍኤ የሚከፍለው በፊት ሁለት ዲያግኖስቲክ ብሎክ (ነርቩን ለሙከራ የሚያደነዝዝ መርፌ) ተሰርቶ ሁለቱም ቢያንስ 80% ካስታገሱ ነው። ብሎኮቹ ሲላኩ ኬኤክስ ሞዲፋየር (ብሎኩ ዲያግኖስቲክ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት) አይረሳ። ዶክተሩ «ታካሚው ተሽሎታል» ብሎ ከጻፈ ለኢንሹራንሱ ምንም አልጻፈም። «ሕመሙ ከብሎኩ በፊት ከ10 8 ነበር፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ 1፣ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አሰረ» ከተባለ ግን ያ ኖት ራሱን ያስከፍላል። ለመድገምም ቢሆን ያለፈው አርኤፍኤ ቢያንስ 50% ለ6 ወር መያዝ አለበት፣ በ12 ወር ውስጥም በአንድ የጀርባ ክፍል ከሁለት ጊዜ አይበልጥም። ኢፒዱራል ስቴሮይድ (የጀርባ ስቴሮይድ መርፌ) ለብቻው ነው፣ እሱን ለመድገም 50% ለ3 ወር፣ በዓመት በአንድ የጀርባ ክፍል እስከ 4። ይሄ የሜዲኬር ነው፣ የግል ኢንሹራንሶች የየራሳቸው ፖሊሲ አላቸው፣ ኦቶራይዜሽን (ቅድመ ፈቃድ) ስትጠይቁ አንብቡት። ኖቱን ሳታዩ ክሌም አትላኩ።

ከሲያትል፦ 62323 (የወገብ ኢፒዱራል በኢሜጂንግ) ላይ 77003 (የኢሜጂንግ ኮድ) ጨምረን ብንልክስ?

መልስ፦ አይሆንም። ኢሜጂንጉ ኮዱ ውስጥ አለ።

ከላስ ቬጋስ፦ ዶክተሩ ትሪገር ፖይንት (የተቋጠረ የጡንቻ ቦታ) 7 ቦታ ወጋ፣ 7 ዩኒት ነው?

መልስ፦ አይደለም። የሚቆጠረው ጡንቻ ነው። አንድ ወይ ሁለት ጡንቻ ከሆነ 20552፣ ሶስትና ከዚያ በላይ ከሆነ 20553፣ ሁለቱም አንድ ዩኒት። የጡንቻዎቹ ስም ኖቱ ላይ ከሌለ ግን ኖቱን ሳታዩ አትላኩ ብያለሁ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ታካሚዎቻችን አብዛኞቹ የእኛው ሰዎች ናቸው፣ እናቶች አሉ፣ ኮፔይ (ታካሚው ራሱ የሚከፍለውን ድርሻ) መጠየቅ ይከብደኛል። ብንተውላቸውስ?

መልስ፦ እንደ ልማድ መተው ሕገ ወጥ ነው፣ ሜዲኬር ላይ ደግሞ ቅጣቱ ከባድ ነው። አቅም የሌለው ካለ ፎርም ይሙላ፣ ገቢው ይታይ፣ ፋይሉ ውስጥ ይቀመጥ።

ከዴንቨር፦ ይሄ ጭካኔ ነው። 20 ዶላር የሌላትን እናት ፎርም ሙዪ ማለት?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ እኔም ያልኩት እሱን ነው፣ እማማ እያልኩ ብር አምጪ ማለት አልችልም።

ከሚኒያፖሊስ፦ ይሉኝታ ክሊኒክ አይከፍትም። ባለቤቱ ቢዘጋው እማማ የት ሊታከሙ ነው?

ከዴንቨር፦ አንተ የፊት ዴስክ ላይ ቁጭ ብለህ ታውቃለህ?

መልስ፦ ተረጋጉ። ማንም ጨክኑ አላለም። ፎርሙን በአማርኛ አስተርጉሙላቸውና አብራችሁ ሙሉላቸው፣ አምስት ደቂቃ ነው። እሳቸውንም ክሊኒኩንም የሚጠብቀው እሱ ነው።

ከኦሃዮ፦ ሲፒሲ (የሕክምና ኮዲንግ ሰርተፊኬት) ፈተና ከባድ ነው?

መልስ፦ 100 ጥያቄ፣ 4 ሰዓት፣ ማለፊያው 70%። ሌላ ቀን እናወራለን።

ከዳላስ፦ መጣሁ። ሜዲኬር ነው፣ 64635፣ ሲኦ-50 ይላል። እንደገና ልላከው?

መልስ፦ እንዲህ ሲጠየቅ ደስ ይላል። እንደገና አትላኪው፣ ሲኦ-50 የሕክምናው አስፈላጊነት አልታየኝም ማለት ነው፣ ይግባኝ ነው የሚያስፈልገው። ውሳኔው ከደረሳችሁ ቀን ጀምሮ 120 ቀን አላችሁ። የሁለቱ ብሎኮች ኖት ላይ ፐርሰንቱ አለ?

ከዳላስ፦ የመጀመሪያው 90% ይላል። ሁለተኛው «ጥሩ ነው» ብቻ። ዶክተሩ አሁን ይጨምርበት?

መልስ፦ የማያስታውሰውን ቁጥር እንዳይጽፍ፣ አደራ፣ እሱ ማጭበርበር ነው። ከብሎኩ በኋላ ታካሚው ቤቱ የሚሞላው የሕመም መመዝገቢያ ወረቀት ትሰጣላችሁ?

ከዳላስ፦ እንሰጣለን። ቆይ... አለ፣ ሳጥን ውስጥ ነው፣ ስካን አልተደረገም። በየሰዓቱ ሞልቶታል፣ ከ9 ወደ 1 ወርዷል፣ ፊርማም ቀንም አለው።

መልስ፦ በይ አሁኑኑ ስካን አድርጊና ቻርቱ ውስጥ አስገቢው፣ ለዶክተሩም አሳዪው። ይግባኙ ላይ መጀመሪያ የምታያይዢው ወረቀት እሱ ነው።