አያትም ልጅም አብረው የሚያዩት የድሮ አስፈሪ ቪዲዮ

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ፣ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ አሜሪካ የመጣሁት በ90ዎቹ ገና ልጅ ሆኜ ነው። ያኔ ሃሎዊን ሲደርስ ቲቪ ላይ የሚመጡት የድሮ ካርቱኖችና ቪዲዮዎች በጣም ይናፍቁኛል፣ ዘንድሮ ለልጆቼ ላሳያቸው ፈለኩ። ግን የ13 ዓመቱ ልጄ የድሮ ነገር ይደብረኛል ይላል፣ የ6 ዓመቷ ደሞ ፈሪ ናት፣ እናቴ ደግሞ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋ ናት፣ እንግሊዝኛ ብዙም አትሰማም፣ የሰይጣን ነገር ለልጆች አታሳዪ እያለችኝ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ለሶስቱም የሚሆን አንድ ቪዲዮ አለ በሱ ጀምሪ፣ ዘ ስኬለተን ዳንስ ይባላል። ዲዝኒ በ1929 የሰራው ጥቁርና ነጭ ካርቱን ነው፣ 6 ደቂቃ እንኳን አይሞላም፣ ንግግር ሚባል ነገር የለውም ስለዚህ እናትሽ ምንም አያመልጣቸውም። ንፋሱ ያፏጫል፣ ሁለት ድመቶች መቃብር ላይ ተፋጠው ሲጣሉ አፅሙ መሀላቸው ብቅ ይላል፣ ከዛ አራት ሆነው ይጨፍራሉ፣ አንዱማ የጓደኛውን አጥንት እየደበደበ ሙዚቃ ይጫወትበታል። አብዛኛውን የሳለው አብ አይወርክስ ነው፣ ሙዚቃው የካርል ስታሊንግ፣ እያንዳንዷ እርምጃ ከምቱ ጋር የገጠመች ናት፣ ከ90 ዓመት በላይ ቆይቶ እንኳን እኔን እስከዛሬ ያስቀኛል። መጨረሻ ላይ ዶሮ ይጮህና ሁሉም ደንግጠው እየተጋጩ ወደ መቃብራቸው ይሮጣሉ፣ እሱን ለእናትሽ ማስረዳት አያስፈልግሽም፣ ዶሮ ሲጮህ የሌሊቱ ነገር እንደሚያልቅ እኛም እየሰማን ነው ያደግነው። የቅጂ መብቱም አሜሪካ ውስጥ ከ2025 ጀምሮ ስላለቀ በነፃ ታገኚዋለሽ።

ለትንሿ የቻርሊ ብራውን የዱባው ካርቱን ይሻላታል፣ ሲቢኤስ መጀመሪያ ያሳየው ኦክቶበር 27 ቀን 1966 ነው፣ አሁን አፕል ቲቪ ላይ ነው ያለው። የሚያስፈራ ነገር የለውም፣ ሌላው ልጅ ከረሜላ ሲሰጠው ቻርሊ በየቤቱ ድንጋይ ብቻ ይደርሰዋል፣ እዛ ጋ ሲደርስ ሁሌ ሆዴን ባር ባር ይለዋል።

ለልጅሽ ግን የማይክል ጃክሰንን የሙዚቃ ቪዲዮ ትሪለርን ነው የምመክርሽ፣ ግን በቀጥታ ቪዲዮውን እንዳትከፍቺለት። ያኔ በቪኤችኤስ ካሴት ሲሸጥ አብሮት ቪዲዮው እንዴት እንደተሰራ የሚያሳይ ፊልም ነበረ፣ መጀመሪያ እሱን አሳዪው። የሜካፕ ባለሙያው ሪክ ቤከር ማይክልን ወደ አውሬ የሚቀይርበትን ሜካፕ እዛ ላይ ታያላችሁ፣ ያ ሰውዬ ከዛ በፊት በሜካፕ ኦስካር ያሸነፈ ነው። በእጅ የተሰራ መሆኑን ካየ በኋላ የድሮ ነገር ይደብረኛል የሚል አይመስለኝም። ዳይሬክተሩ ጆን ላንዲስ ነው፣ ቪዲዮው 14 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ኤምቲቪ ላይ የወጣው ዲሴምበር 1983፣ በ2009 ደግሞ የአሜሪካ የኮንግረስ ቤተመጻሕፍት ለትውልድ እንዲቆዩ ከሚመርጣቸው ፊልሞች ዝርዝር ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የሙዚቃ ቪዲዮ ሆኗል።

የእናትሽን ነገር ደሞ ቀለል አታድርጊው እሺ፣ ማይክልም ራሱ ተጨንቆበታል። ያኔ የይሖዋ ምስክር ነበር፣ ቪዲዮው ሲጀምር የሚወጣው ጽሁፍ ላይ ፊልሙ በመናፍስት ማመንን እንደማይደግፍ በግልፅ ተናግሯል። ያቺን ጽሁፍ ላይ ስትደርሺ አቁሚውና በአማርኛ አንብቢላቸው፣ ከዛ በኋላ ልየው አልየው የሚለው የሳቸው ነው፣ ካልፈለጉ አትጫኛቸው። ቀኑንም አስቢበት፣ ኦክቶበር 31 አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው ጥቅምት 21 ነው፣ ማርያም ናት፣ እናትሽን በዛ ቀን አፅም ፊት ከምታስቀምጫቸው ከዛ በፊት ባለው ቅዳሜ ማታ ብታደርጊው ነው የሚሻለው።

ትንሿ ትሪለር መሀል ድንገት ገብታ ከፈራች ደሞ ቲቪውን ከማጥፋትሽ በፊት ድምፁን ብቻ ዝጊው፣ ሙዚቃውና መጨረሻ ላይ ያለው የተዋናዩ የቪንሰንት ፕራይስ ሳቅ ነው ብዙውን ፍርሃት የሚያመጣው፣ ያለ ድምፅ ስታየው ቀይ ጃኬት የለበሰ ሰው ከቆሸሹ ሰዎች ጋር ሲጨፍር ነው የሚታያት።