ጥያቄና መልስ፦ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ሲገዛ

በዚህ እትም የመሃል ከተማ መልሶ ማልማትን የሚመለከቱ አራት ጥያቄዎችን መርጠናል።

ጥያቄ፦ የአንዲት ትንሽ ከተማ ምክር ቤት አባል ነኝ። በዋናው መንገድ ላይ ጎን ለጎን የተሠሩ ስድስት አሮጌ ሱቆች አሉ፤ አራቱ ከተዘጉ ቆይተዋል። አስተዳደሩ ስድስቱንም ገዝቶ፣ አፍርሶ፣ ቦታውን ለአልሚ ሊያስተላልፍ አስቧል። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ በቅድሚያ ግዢውን ያቆዩት። ማዘጋጃ ቤቱ ሱቆቹን ዛሬ ቢገዛ ነገ የተዘጉ ሱቆች ባለቤት ይሆናል እንጂ ሌላ የሚለወጥ ነገር የለም። ጣሪያው ቢያፈስ፣ ቧንቧው ቢፈነዳ፣ ግንቡ መንገደኛ ላይ ቢናድ ተጠያቂው እሱ ነው። በብዙ አገር የመንግሥት ይዞታ የንብረት ግብር ስለማይከፍል የነበረው ገቢም ይቀራል። ኢንሹራንሱም ያስቸግራል፤ ብዙ የሕንፃ መድን ውሎች ቤቱ 30 ወይም 60 ቀን ባዶ ከቆየ ሽፋናቸውን ይቀንሳሉ። ስለዚህ የግዢውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የሦስት ዓመት ማቆያውንም፣ ማለትም ጥበቃውን፣ ጣሪያውን፣ መድኑን፣ የብድር ወለዱን ደምራችሁ ምክር ቤቱ ፊት አቅርቡ። ብዙ ዕቅድ እዚህች ላይ ይወድቃል፤ ገንዘብ ሳይወጣበት መውደቁ ደግሞ ጥሩ ነው።

ቦታውን ሳይገዙ መያዝ የሚቻለው «ኦፕሽን» በሚባለው ውል ነው። ባለንብረቱ ትንሽ ክፍያ ተቀብሎ፣ በተስማሙበት ዋጋ ለ12 ወይም ለ18 ወር ለሌላ ላለመሸጥ ይታሰራል። መግዛት ለከተማው መብት እንጂ ግዴታ አይደለም፤ ጊዜው ካለፈ ክፍያው ለባለንብረቱ ይቀራል። ስድስቱም ውሎች የሚያበቁት በአንድ ቀን ይሁን። አምስቱ ተፈርመው አንዱ ሲዘገይ፣ ያ አንዱ የሁሉንም ዋጋ ወሳኝ ይሆናል። ድርድሩን አንድ ሰው ይምራው፣ ባለንብረቶቹን ሁሉ በአንድ ሰሞን ያነጋግር። የአዲሱ ሕንፃ ሥዕል ከፊርማው በፊት ግድግዳ ላይ አይሰቀል፤ በተሰቀለ ማግስት ዋጋው ይንራል።

በውሉ ዘመን ሦስት ምርመራዎች ይደረጉ። የመጀመሪያው የሰነድ ነው። ያልተካፈሉ ወራሾች፣ ያልተሰረዘ የባንክ መያዣ፣ የጎረቤት መተላለፊያ መብት፣ ከካርታው ውጪ የወጣ ግድግዳ ይፈተሹ። ሁለተኛው የአፈሩ ነው። ቦታው ላይ ነዳጅ ማደያ ከነበረ የተቀበረ ታንከር፣ የልብስ ንጽሕና ቤት ከነበረ ፐርክሎሮኤቲሊን የተባለው ፈሳሽ ይፈለግ። ይህ ፈሳሽ ከውሃ ስለሚከብድ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ዘልቆ ይወርዳል፤ ጽዳቱ ከሕንፃው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። የድሮ ፎቆችን ታሪክ የማያውቅ ገዢ ይህን የሚያውቀው ቁፋሮ ሲጀምር ነው።

ሦስተኛው፣ ብዙ ጊዜ የሚረሳው፣ የጋራ ግድግዳ ነው። ተያይዘው የተሠሩ ሱቆች አንዱን ግድግዳ ለሁለት ይጋራሉ፤ የሁለቱም የወለል ወራጅ እዚያው ግድግዳ ውስጥ ተሰክቶ ያርፋል። መሃለኛው ሲፈርስ የጎረቤቱ ግድግዳ ድጋፉን ያጣል፤ ዝናብ እንዲመታው ያልተሠራ የውስጥ ጡብም ውጭ ይቀራል። ማስደገፊያው፣ ልስኑ፣ ውሃ መከላከያው ሁሉ በማፍረሻው በጀት ውስጥ ካልገባ በኋላ በክስ ይመጣል።

ስለ ዋጋ አንድ ነገር እንጨምር። ገማች በተመሳሳይ ሽያጭ፣ በመተኪያ ወጪ ወይም በገቢ ሊገምት ይችላል። በገቢ ሲገመት፣ የአንድ ሱቅ ዓመታዊ ኪራይ 120,000፣ ወጪው 40,000 ቢሆን የተጣራው 80,000 ነው። ገዢዎች ካወጡት ገንዘብ በዓመት የሚጠብቁት የትርፍ ተመን 8 በመቶ ከሆነ፣ 80,000 ለ0.08 ተካፍሎ ዋጋው 1,000,000 ይሆናል፤ 10 በመቶ ከሆነ ግን 800,000። ጭቅጭቁ ሁሉ ያለው በዚህች የሁለት በመቶ ልዩነት ውስጥ ስለሆነ፣ ገማቹ ተመኑን ከየት እንዳመጣው በጽሑፍ ያስረዳ።

ጥያቄ፦ አምስት ባለንብረቶች ተስማምተው አንድ ሽማግሌ እምቢ ቢሉ በሕግ ማስለቀቅ ይሻላል?

መልስ፦ መጀመሪያ ለምን እምቢ እንዳሉ ይጠየቁ። ብዙ ጊዜ ጉዳዩ ገንዘብ ብቻ አይደለም። የሽያጩ ግብር ያስፈራቸዋል፣ ወይም ፎቁ ላይ ይኖራሉ፣ ወይም ልጃቸው እዚያ ይሠራል። በአዲሱ ሕንፃ ሱቅ መስጠት፣ ሸጠው እንደ ተከራይ እንዲቆዩ ማድረግ ወይም በሕይወት እስካሉ የመኖር መብት መተው ይቻላል። ሁሉም ካልሆነ ንድፉ የእሳቸውን ቤት ዞሮ ያልፍ ዘንድ አርኪቴክቱን ይጠይቁ። እምቢ ባይ ይዞታ መሃል ላይ ቢሆንም እንኳ መፍትሔ አይጠፋም።

ሌላው መንገድ የመሬት መልሶ ማካፈል ነው። ባለንብረቶች ይዞታቸውን ደምረው፣ ለመንገድና ለአደባባይ የሚሆነው ተቀንሶ፣ የቀረውን እንደየድርሻቸው ይካፈላሉ። የፍራንክፈርት ከንቲባ ፍራንዝ አዲከስ ለዚህ የታገሉለት ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። የዛሬው የጀርመን ሕግ በዋጋ ሳይሆን በስፋቱ ተለክቶ ለሚካፈል መሬት፣ በአዲስ ሰፈር እስከ 30 በመቶ፣ ቀድሞ በለማ ሰፈር ግን እስከ 10 በመቶ ብቻ እንዲቀነስ ይፈቅዳል። በጃፓን ባለንብረቶች በማኅበር ሲያካሂዱት የሁለት ሦስተኛው ስምምነት ያስፈልጋል።

ማስለቀቅ የመጨረሻው ነው፤ ፍርድ ቤት ማሸነፍም ልማት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ በኮነቲከት የምትገኘው ኒው ለንደን ለኢኮኖሚ ልማት ስትል ቤቶችን ማስለቀቅ ትችላለች ሲል 5 ለ 4 ፈረደ። ነዋሪዎቹ ተነሡ፣ ቦታው ግን ለዓመታት ባዶ ሆኖ አረም በቀለበት። በአጠገቡ የምርምር ማዕከል የነበረው የመድኃኒት ኩባንያ ፋይዘርም እ.ኤ.አ. በ2009 እንደሚለቅ አስታወቀ። ከፍርዱ በኋላ ከ40 በላይ ክፍለ ግዛቶች የማስለቀቅ ሕጋቸውን አሻሻሉ። ከተማዋ የተሸነፈችው በሕግ ሳይሆን የሚገነባ ሰው በማጣት ነው።

ጥያቄ፦ ከእነዚህ ሱቆች አንዱን ተከራይቼ ፀጉር እቆርጣለሁ። ሕንፃው ቢሸጥ እኔ ምን አገኛለሁ?

መልስ፦ ዋጋውን የሚቀበለው ባለንብረቱ ነው፤ የእርስዎ መብት በኪራይ ውልዎና በአገርዎ ሕግ ላይ ያርፋል። ለምሳሌ በአሜሪካ የፌዴራል ገንዘብ ባለበት ሥራ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው ሕግ ለተከራይ ንግድም የማዛወሪያ ወጪና ቢያንስ የ90 ቀን ማስጠንቀቂያ ያሰጣል። ውልዎ በቃል ከሆነ ዛሬውኑ በጽሑፍ ያድርጉት፤ በውሉ ላይ «ቤቱ ቢሸጥ ኪራዩ ይቋረጣል» የሚል አንቀጽ ካለ ከመፈረምዎ በፊት ይደራደሩበት። በግድግዳ የተገጠመውን መስታወት፣ የውሃ መስመርና መታጠቢያ ፎቶ ያንሱ፣ የገዙበትን ደረሰኝ ያስቀምጡ፤ የተገጠመ ዕቃ የባለንብረቱ ነው የሚል ክርክር መነሣቱ አይቀርም። የደንበኛ መጥፋት ካሳ ሲጠይቁ የሚያዋጣው የሁለትና የሦስት ዓመት የግብር ማስታወቂያ ነው።

ጥያቄ፦ ማፍረሱ ቀርቶ ብናድስስ? ካፈረስንስ አልሚው ሳይገነባ እንዳይቀር ምን ዋስትና አለ?

መልስ፦ መዋቅሩ ጤነኛ ከሆነ እድሳቱን እንመርጣለን። በአሜሪካ የታሪካዊ ቅርስ ጥበቃ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1977 ጌልስበርግ፣ ሆት ስፕሪንግስና ማዲሰን በሚባሉ ሦስት ከተሞች የጀመረው ሙከራ የሱቅ ፊት በማደስና ነጋዴዎችን በማደራጀት ላይ ያተኮረ ነበር፤ ሰፈር አላፈረሰም። የእድሳቱ ከባድ ወጪ ያለው ፎቁ ላይ ነው። መጋዘን የነበረ ፎቅ መኖሪያ ሲሆን ብዙ ጊዜ ሁለተኛ የእሳት መውጫ ይጠየቃል፤ ለሁለት ጎን ለጎን ሕንፃዎች አንድ የጋራ ደረጃ መሥራት ወጪውን ያቃልላል። የፈረሰውን ቦታ ለጊዜው መኪና ማቆሚያ እናድርገው የሚሉም አሉ። መተላለፊያው ሲታሰብ ለአንድ መኪና 30 ካሬ ሜትር ገደማ ስለሚያስፈልግ፣ 600 ካሬ ሜትር የሚይዘው 20 መኪና ብቻ ነው። ጊዜያዊ የተባለውም ሲቆይ ይታያል።

አልሚውን የሚይዘው ውሉ ነው። ባለቤትነቱ የሚዛወረው የግንባታ ፈቃዱ ወጥቶ፣ ባንኩ ብድሩን ካጸደቀ በኋላ ይሁን። ግንባታው የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ቀን ተቆርጦ፣ ቀኑ ሲያልፍ መሬቱ ለከተማው የሚመለስበት አንቀጽ ይግባ። አበዳሪው ባንክ ይህን አንቀጽ እንዲሰርዙ መጠየቁ የተለመደ ነው። ሙሉ በሙሉ አይሰርዙት፤ መሠረቱ ተጥሎ የመሬት ደረጃ እስኪደርስ ድረስ ይጽና፣ ከዚያ በኋላ አንቀጹን አልሚው በዋስትና የሚያስይዘው ገንዘብ ይተካው።