«ለምን ሴቶቹን ብቻ?» ላሉት አባት

ሰላም እህቴ። የ12 ዓመት ልጅሽ ትምህርት ቤት የማህፀን በር ካንሰር ክትባት ሊሰጥ መሆኑን፣ አባቷ ግን «ለምን ሴቶቹን ብቻ? አይሆንም» ማለታቸውን ጽፈሽ፣ ሌሎቻችሁ እንዴት ወሰናችሁ ብለሻል። እኔ አዲስ አበባ አስተማሪ ነኝ። ክትባቱ በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ሴቶች ከተጀመረ ወዲህ፣ እኛ ትምህርት ቤት ወላጆችን የማነጋግረው እኔ ነኝ።

እምቢ የሚሉት ክትባት የሚጠሉ ሰዎች አይደሉም። ፖሊዮውንም ኩፍኙንም አስከትበው ነው ያሳደጉት። ግን ያኔ እናት ልጇን አቅፋ ነበር። ይሄኛው ወላጅ በሌለበት ይሰጣል፤ ብዙዎች የሚሰሙት ልጅቷ ማታ «ክንዴን አመመኝ» ስትል ነው። ቀድሞ ያልተነገረው ሰው ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ወረቀት በልጅ ቦርሳ ልኮ ዝም ማለት፣ በእኔ እምነት፣ የትምህርት ቤቶች ጥፋት ነው።

«ሴቶቹን ብቻ» የሚለው ደግሞ ወዲያው «ሊያመክኗቸው ነው» ይሆናል። መልሱ ቀላል ነው። ክትባቱ ውድ ነው፣ በዓለም ደረጃም እጥረት ነበረበት፤ ስለዚህ በሽታው የሚገድላቸው ይቅደሙ ተባለ። በአገራችን ሴቶች ላይ በብዛት ከሚታዩት ካንሰሮች ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የሚመጣው ይሄ ነው። አውስትራሊያ በ2007 እ.ኤ.አ. በሴቶች ጀምራ በ2013 ወንዶቹንም ጨምራለች። ያኔ ከተከተቡት ብዙዎቹ ዛሬ ልጆች ወልደዋል።

አባቶች አፍ አውጥተው የማይሉት ሌላ ነገር አለ። በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ በግብረ ሥጋ ግንኙነት እንደሚተላለፍ ሲሰሙ «ልጄ ምን አድርጋ ነው?» ይላሉ በሆዳቸው። ክትባቱ ይከላከላል እንጂ አያድንም፤ ቫይረሱ ከመምጣቱ በፊት መሰጠት አለበት። እኔ እንዲህ እላቸዋለሁ፦ «ልጅዎ ጨዋ ናት። ነገ የምታገባው ሰው ያለፈ ታሪኩን ግን ማን ያውቃል?» ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ፊታቸው ይፈታል።

ከእኔ ስብከት በላይ የሠራው ግን አንዲት እናት ወላጆች ስብሰባ ላይ ተነስተው «እህቴን በዚህ በሽታ ነው የቀበርኳት» ያሉት ነው። ሰው የሚያምነው የሚያውቀውን ሰው ነው። ስለዚህ ከባለቤትሽ ጋር አትከራከሪ፤ አብራችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱና ነርሷን ራሳቸው ይጠይቋት።

አሁን ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት የሚሰጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ክንድ ማበጥ፣ ራስ ምታት፣ ትንሽ ትኩሳት ሊኖር ይችላል። ከባድ አለርጂ ካላት ቀድመሽ ተናገሪ። ቁርስም በልታ ትሂድ። እኛ ጋ አንዲት ልጅ ባዶ ሆዷን ተሰልፋ፣ መርፌውን ስታይ ራሷን ሳተች። ውሃ ጠጥታ ተነስታ ስትስቅ፣ ሰፈር ውስጥ «ልጅ ሞተች» ተብሎ አባቶች በር ላይ ደርሰው ነበር።