ባሕር ላላየ ልጅ ጥልቅ ባሕርን ማስተማር፦ ከመንዝ ለቀረበው ጥያቄ

እህቴ መምህርት፣ መንዝ ውስጥ የሳይንስ ክበብ እንደሚመሩ፣ ልጆቹ ከወንዝ የሰፋ ውኃ አይተው እንደማያውቁ፣ ቴሌቪዥንም ሆነ ኢንተርኔት እንደሌለዎት ገልጸው ስለ ጥልቅ ባሕርና ስለ አሳሾቹ በሁለት ክፍለ ጊዜ ምን ላስተምር ብለዋል። ከእኔ በፊት የመለሱ ባልደረቦች ግንባሩ ላይ ብርሃን የሚያበራውን ዓሣ ሥዕል ያሳዩ ይላሉ። እኔ አልስማማም። ሥዕሉ ልጆቹን ያስቃቸዋል፣ ጥቂት ያስደነግጣቸዋል፤ ከዚያ ከጭራቅ ተረት ጋር ተቀላቅሎ ይቀራል። ደብረ ብርሃን ላይ ይህን ርእስ ባስተማርሁ ቁጥር ከኋላ ወንበር የሚነሣው ጥያቄ «ማን ወርዶ አየው?» የሚል ነው። ትምህርቱን በዚህ ጥያቄ ላይ ቢያቆሙት ይሻላል።

በግፊት ይጀምሩ። ለግፊት የእኛ አገር መንገድ ራሱ ቤተ ሙከራ ነው። ሁለት ተመሳሳይ የፕላስቲክ የውኃ ጠርሙሶች ይያዙ። አንዱን ባዶውን፣ ሌላውን እስከ አፉ ውኃ ሞልተው እዚያው መንዝ ላይ ክዳናቸውን ያጥብቁ። ከዚያ በጣርማ በር አድርጎ ሸዋ ሮቢት ለሚወርድ ሹፌር ወይም ወላጅ ይስጡ። ቆላ ሲደርሱ ባዶው ጠርሙስ ጎኑ ጎድጉዶ ይገኛል፤ የተሞላው ምንም አይሆንም። ጠርሙሱ ሽቅብ ሲመለስ መልሶ ስለሚነፋ ግን እዚያው ሸዋ ሮቢት ላይ ፎቶግራፍ እንዲያነሡልዎት አደራ ይበሉ። ፀሐይ ላይም አያስቀምጡት፤ ሙቀቱ ውስጡ ያለውን አየር ስለሚያሰፋው ልዩነቱን ይደብቃል። ሌላ ባዶ ጠርሙስ ደግሞ ሸዋ ሮቢት ላይ ዘግተው ይላኩልዎት፤ ልጆቹ ፊት ሲከፍቱት ትስ ብሎ ይተነፍሳል።

አሁን ሒሳቡን ሰሌዳ ላይ ይጻፉ። መንዝ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ። ጆሮ የሚደፍነው ያ ሁሉ ቁልቁለት የጨመረው ግፊት ሁለት ሜትር እንኳ ከማይሞላ ውኃ ክብደት ጋር እኩል ነው። ባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ አንድ ሙሉ የከባቢ አየር ግፊት ይጨመራል። በምዕራብ ፓስፊክ የሚገኘው የማሪያና ስምጥ ጥልቁ ቦታ፣ ቻሌንጀር ዲፕ፣ 10,900 ሜትር ያህል ይወርዳል። እዚያ በአውራ ጣት ጥፍር ላይ ብቻ ከዐሥር ኩንታል በላይ ይጫናል። ኩንታል ተሸክሞ የሚያውቅ የገበሬ ልጅ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አይፈልግም።

«ታዲያ ዓሣው እንዴት አይጨፈለቅም?» ሲሉዎት የተሞላውን ጠርሙስ ያንሡ። ግፊት በቀላሉ የሚጨፈልቀው አየር ያለበትን ነው፤ የጥልቅ ባሕር ዓሣ ሰውነት በአብዛኛው ውኃ ነው። ስዊዛዊው አሳሽ ዣክ ፒካርና የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንኑ ዶን ዋልሽ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 23 ቀን 1960 ትሪየስት በምትባል ጠላቂ መርከብ ወደ ቻሌንጀር ዲፕ የወረዱት ይህንኑ አውቀው ነው። የጠላቂዋ ትልቁ አካል አየር ሳይሆን ቤንዚን የተሞላ ታንከር ነበር፤ ቤንዚን ከውኃ ይቀላል፣ እንደ አየርም አይጨመቅም። ሰዎቹ የተቀመጡት ከሥሩ በተንጠለጠለች፣ ግድግዳዋ 12.7 ሴንቲ ሜትር በሆነ ድቡልቡል የብረት ክፍል ውስጥ ነው። መውረዱ አምስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ፈጀ። 9,000 ሜትር ገደማ ላይ አንድ የመስኮት መስታወት ተሰነጠቀ፤ እነሱ ግን ቀጠሉ። ወለሉ ላይ የቆዩት 20 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ከዚያ ለክብደት የያዙትን የብረት እንክብል አራግፈው ወጡ።

ይህን ታሪክ አያሳጥሩት፤ የሚያከራክር ነገር አለበትና። ፒካር ወለሉ ላይ ጠፍጣፋ ዓሣ አየሁ አለ። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ይህን ይጠራጠራሉ፤ እስካሁን በካሜራ የተቀረጸው ጥልቁ ዓሣ እ.ኤ.አ. በ2022 ጃፓን አጠገብ 8,336 ሜትር ላይ የታየ ነው። «በዓይኑ ያየ ሰው ሊሳሳት ይችላል ወይ?» ብለው ክፍሉን ለሁለት ይክፈሉት። ዝም የሚሉት ልጆች ሁሉ ሲናገሩ ያያሉ።

ጾመ ነነዌን የሚያውቅ ልጅ ዮናስን ማንሣቱ አይቀርም። አይቆጡት፣ ክርክር ውስጥም አይግቡ፤ ጥያቄውን ወደ ዓሣ ነባሪ ይውሰዱት። ጥርስ ካላቸው ዓሣ ነባሪዎች ትልቁ እንደ እኛ አየር ስቦ ከአንድ ኪሎ ሜትር በታች ይጠልቃል። ደረቱ ይታጠፋል፣ ሳንባው ይጨመቃል፤ ሲወጣ እንደ ባዶው ጠርሙስ መልሶ ይነፋል።

ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ልኬት ይሁን። የእንግሊዟ መርከብ ቻሌንጀር እ.ኤ.አ. ከ1872 እስከ 1876 ዓለምን ዞራ ጥልቀት ስትለካ መሣሪያዋ ክብደት የታሰረበት ገመድ ነበር። በዚያ ሁሉ ጉዞ የለካችው 492 ቦታ ነው። ይህን ለማሳየት የካርቶን ሣጥን ውስጥ ድንጋይና ጭቃ ደልድለው ኮረብታና ሸለቆ ይሥሩ፤ ይክደኑትና ክዳኑን ይብሱት። ልጆቹ ውስጡን ሳያዩ ስንደዶ እየሰደዱ ጥልቀቱን ይለኩና ወለሉን በወረቀት ይሣሉ። ለአንዱ ቡድን አምስት ቀዳዳ ብቻ፣ ለሌላው ሃምሳ ይፍቀዱ። የመጀመሪያው ቡድን አብዛኛውን ጊዜ ሜዳ ይሥላል፤ ሸለቆውን የሚያገኘው ሁለተኛው ነው። ዛሬም በዘመናዊ የድምፅ መሣሪያ በዝርዝር የተለካው የዓለም ባሕር ወለል ሩብ ያህሉ ብቻ መሆኑን እዚህ ላይ ይንገሯቸው።

ከካርቶኑ ቀጥሎ ሜሪ ታርፕ ትምጣ፤ ለሴት ልጆቹ ስል ብቻ አይደለም። አሜሪካዊት ናት፤ ሴት በመሆኗ ምርምር መርከብ ላይ እንድትወጣ አልፈቀዱላትም፤ ወንዶቹ ያመጡትን የጥልቀት ቁጥር ቢሮ ተቀምጣ ወደ ካርታ ትለውጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ የአትላንቲክን የባሕር ውስጥ ተራራ መሐል ለመሐል የሚሰነጥቅ ሸለቆ አገኘች። የሥራ ባልደረባዋ ብሩስ ሂዘን መጀመሪያ የሴት ወሬ ነው ብሎ አጣጣለው፤ የመሬት መንቀጥቀጥ ቦታዎች ካርታ ላይ ሲደረደሩ ግን ልክ በሸለቆው ላይ አረፉ። እንዲህ ያለው የባሕር ውስጥ ስንጥቅ በኤደን ባሕረ ሰላጤና በቀይ ባሕር በኩል መጥቶ አፋር ላይ ከስምጥ ሸለቆው ጋር ይገናኛል። ጣርማ በር ላይ ቆመን ቁልቁል የምናየው ገደል የዚያው የስምጥ ሸለቆ ምዕራባዊ ግድግዳ ነው። የአሞሌው ጨውም ቀይ ባሕር አንድ ጊዜ አፋርን አጥለቅልቆ ሲደርቅ የተወው ነው።

ጥልቀት በድምፅ እንዴት እንደሚለካ ለማሳየት የገደል ማሚቶ ይጠቀሙ። ከ300 ሜትር በላይ የራቀ ገደል ፊት አንድ እረኛ ጅራፉን ያጩኸው፤ ሌላው በስልክ ሰዓት ይያዝ። የገደሉን ርቀት ለማግኘት ሰከንዱን በ340፣ ማለትም ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ በሚሄደው ሜትር፣ አባዝቶ ድምፁ ደርሶ መልስ ስለሄደ ለሁለት ማካፈል ነው። በባሕር ውኃ ድምፅ በሰከንድ 1,500 ሜትር ያህል ስለሚሄድ ከቻሌንጀር ዲፕ ማሚቶው የሚመለሰው ከ14 ሰከንድ በኋላ ነው። ዐሥራ አራቱን ሰከንድ ክፍሉ ዝም ብሎ ይቁጠረው።

እ.ኤ.አ. በ1977 በፓስፊክ ባለው የጋላፓጎስ ደሴቶች አጠገብ 2,500 ሜትር ጥልቀት ላይ ስለተገኙት ፍል ውኃዎችና በፀሐይ ሳይሆን በኬሚካል ኃይል ስለሚኖሩት ፍጥረታት ጊዜ ከተረፈ ያንሡ፤ ያለዚያ ሌላ ቀን ይሻላል። ሁለቱም ክፍለ ጊዜ ካጠረዎት ማሚቶውን ለቅዳሜ ያቆዩት፤ ካርቶኑን ግን አይዝለሉት። ጅራፍ የሚያመጣውንም ልጅ አስቀድመው ይምረጡ፤ ያለዚያ ሁሉም ይዘው ይመጣሉ።